እየለቀቁ መያዝ

በባቲ ከተማ በሚገኘው ቤቴ፣ ከመጻሕፍቴ አጠገብ፣ ለአገሩ እንግዳ የሆነ አንድ ዕቃ ተቀምጧል። ሊጠይቀኝ የመጣ ሰው ሁሉ ዐይኑን ሳይጥልበት አያልፍም። አንዳንዱ የልብስ ስፌት መኪና ስባሪ ይመስለዋል፤ አንዳንዱ የትልቅ ሰዓት ሆድ ዕቃ ነው ብሎ ይገምታል። ከቀድሞ ተማሪዎቼ አንዱማ «መምህር፣ ይህ የሬዲዮ ዕቃ ነውን?» ሲል ጠይቆኝ ነበር። ነገሩ ግን ከእነዚህ አንዱንም አይደለም። በባሕር ላይ በዘንግ ዓሣ የሚያጠምዱ ሰዎች ክራቸውን የሚጠቀልሉበት ማጠንጠኛ ነው። ከባሕር ርቆ፣ ግመልና እህል በሚሸጥበት አገር፣ እንዲህ ያለ ዕቃ ምን ይሠራል ተብሎ ቢጠየቅ የሚገባ ጥያቄ ነው። ይህን ጽሑፍ የጻፍሁትም ለዚሁ ጥያቄ መልስ እንዲሆን ነው። ይሁን እንጂ መልሱ ስለ ዓሣ ብቻ ሳይሆን ስለ ገመድ፣ ስለ ስልክና ስለ እኅቴ ልጅም ጭምር ስለ ሆነ፣ አንባቢ ጥቂት እንዲታገሠኝ እለምናለሁ።

ባቲ ከኮምቦልቻ ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ወርዶ፣ ደጋው አልቆ ቆላው በሚጀምርበት አፋፍ ላይ የተቀመጠ ከተማ ነው። በየሰኞው የሚውለው ገበያው በሩቅ የታወቀ ነው። አፋሮች ግመላቸውንና ፍየላቸውን፣ ቅቤያቸውንና ጨዋቸውን ይዘው ከቆላ ይወጣሉ፤ ገበሬውም እህሉን ጭኖ ከደጋ ይወርዳል። አፋርኛ፣ ኦሮምኛና አማርኛ በአንድ አደባባይ ሲነገሩ ይውላሉ። አባቴ በዚህ ገበያ የግመል ደላላ ነበሩ። ሦስቱንም ቋንቋ አቀላጥፈው ይናገሩ ስለ ነበር፣ ሻጭና ገዢ ሳይግባቡ ቢቀሩ እርሳቸው በመካከል ገብተው ያግባቡ ነበር። እኔም ከትምህርት ቤት በተረፈኝ ጊዜ ገመድ እየያዝሁ እከተላቸው ነበር።

ከቆላ አዲስ የመጣና የመኪና ድምፅ ሰምቶ የማያውቅ ግመል ሲደነግጥ፣ ጉልበቱን የሚመልሰው ሰው የለም። አባቴ በዚህ ረገድ አንድ የማይሻር ሕግ ነበራቸው። የግመልን ገመድ በእጅ ላይ መጠምጠም በእርሳቸው ዘንድ ፈጽሞ የተከለከለ ነው። ግመሉ ሲነሣ ገመዱን በአቅራቢያ ባለው ግንድ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ያዞሩና ጫፉን በመዳፋቸው ይዘው ይቆማሉ። ግመሉ ሲጎትት ገመዱ ግንዱን እየፈተገ ጥቂት በጥቂት ይሄዳል፤ ግመሉ ሲያርፍ ደግሞ የሄደውን መልሰው ይስባሉ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ግመሉ ከግንዱ ጋር ሲታገል ደክሞት ይቆማል፤ አባቴ ግን ላብ እንኳ አይወጣቸውም። ታናሽ ወንድማቸው፣ ማለት አጎቴ፣ ይህን ሕግ አንድ ቀን ረስተው ገመዱን በቀኝ እጃቸው ላይ ጠምጥመው ነበርና ሁለት ጣቶቻቸው በዚያው ቀሩ። ከዚያ ወዲህ አባቴ ገመድ በሚያስይዙኝ ጊዜ ሁሉ፣ ስለ ሊቅ ጥምጥም የተነገረውን ተረት ወደ ገመዱ አዙረው «ከመጠምጠም መማር ይቅደም!» ይሉኝ ነበር። አጎቴም የተረፉትን ሦስት ጣቶቻቸውን እያሳዩ ከልባቸው ይሥቁ ነበር።

በ1975 ዓ.ም. በመምህርነት ተመድቤ ወደ አሰብ ወረድሁ። አሰብ ያን ጊዜ በኢትዮጵያ አስተዳደር ሥር ነበረች፤ ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ነጻ አገር ከሆነች ወዲህ ግን የእርሷ ወደብ ናት። ከዚያ ተነሥቶ በባቲ በኩል ወደ ኮምቦልቻ የሚወጣውን መንገድ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ተሳቢ የሚጎትቱት ከባድ መኪናዎች በደጃችን ሲያልፉ ስቈጥር ነው ያደግሁት። መንገዱ የሚያልቅበትን ባሕር ግን ያየሁት የዚያን ጊዜ ነው። ከተማዪቱ ነዳጅ ማጣሪያና የጨው ማምረቻ ነበራት። ሙቀቷ ለደጋ ሰው ቀርቶ ለባቲ ልጅም የሚከብድ ነበር። ለእኔ ደስታዬ ዓርብ ማታ ሥራ ሲፈታ ወደ ባሕሩ ዳር መውረድ ነበር።

በዚያም ከአንድ ሽማግሌ ጋር ተዋወቅሁ። የወሎ ሰው ሲሆኑ፣ በአሰብና በኮምቦልቻ መካከል ብዙ ዘመን ከባድ መኪና የነዱ፣ በኋላም ጡረታ ወጥተው እዚያው የቀሩ ናቸው። ከአንድ የውጭ አገር መርከበኛ የገዙት የዓሣ ማጥመጃ ዘንግና ማጠንጠኛ ነበራቸው። ቅዳሜ በማለዳ በትንሽ ጀልባ ይዘውኝ ወጡ። ሕይወት ያለው ሰርዲን በመንጠቆው ላይ ሰክተው፣ ከመንጠቆው በላይ ያለውን ክንድ የሚያህል ርዝመት በሽቦ አድርገው፣ ዘንጉን በእጄ ሰጡኝ። ሽቦ የሚደረገው ዐረቦች ደይረክ የሚሉት ዓሣ ጥርሱ እንደ መቀስ ስለ ሆነ ነው። ይህ ዓሣ ረጅምና ብርማ ገላ ያለው፣ በፍጥነቱም የታወቀ ነው።

እኔ ግን ጀልባው እንደ ተነሣ፣ ሽማግሌው ጀርባቸውን ባዞሩበት ጊዜ፣ በማጠንጠኛው ጎን ያለችውን የኮከብ ቅርጽ ያላት ዳዶ እስከ መጨረሻው አጠበቅኋት። የላላ ነገር ዓሣ የሚያስመልጥ መስሎኝ ነበርና ብልኅ የሆንሁ መሰለኝ። ጥቂት ቆይቶ ዘንጉ ድንገት ጎበጠ። ዓሣው ሲሮጥ እኔም ባለ በሌለ ኀይሌ ያዝሁ። ከዚያ በኋላ የሰማሁት እንደ ጅራፍ ያለ ድምፅ ብቻ ነው። ዘንጉ ተቃና፤ ክሩም ቀልሎ በነፋስ ተንሳፈፈ።

«ክሩ ተበጠሰብኝ» አልሁ።

ሽማግሌው ማጠንጠኛውን ተቀብለው ዳዶዋን ነካኩና ራሳቸውን ነቀነቁ። «የለም መምህር» አሉኝ፤ «ክሩስ አልተበጠሰም፤ አንተ በጠስኸው እንጂ።»

ከዚያም ጀልባውን አቁመው ያስተማሩኝን ትምህርት፣ እኔ ለብዙ ዓመታት በጥቁር ሰሌዳ ላይ ካስተማርሁት ሁሉ አስበልጬ አስታውሰዋለሁ። «በመኪና ውስጥ ፍሪሲዮን የምንለውን ታውቃለህ?» ሲሉ ጀመሩ። «ይህም እንደዚያው ነው።» በማጠንጠኛው ሆድ ውስጥ እንደ ሮንዴላ ያሉ ክብ ክብ ሸራዎች ተደራርበው ይገኛሉ፤ አንዱ ክሩ ከተጠቀለለበት በርሜል ጋር ይዞራል፣ ቀጥሎ ያለው ደግሞ ከእጀታው ጥርስ ጋር የተያያዘ ነው። የኮከቧ ዳዶ በጠበቀች መጠን እነዚህ ሸራዎች እርስ በርሳቸው ይጫናሉ። የዓሣው ጉተታ ከሸራዎቹ ፍትጊያ ያነሰ እንደ ሆነ፣ በርሜሉና እጀታው አብረው ይዞራሉ፤ ክሩም ይሰበሰባል። ጉተታው የበለጠ እንደ ሆነ ግን ሸራዎቹ ይንሸራተታሉ፤ እጀታው ሳይንቀሳቀስ በርሜሉ ብቻውን ወደ ኋላ እየዞረ ክር ይለቃል። ይለቃል ማለት ግን ይጥላል ማለት አይደለም። እያንዳንዱን ክንድ ክር ዓሣው በጉልበቱ ይገዛዋል። የሚያወጣውም ጉልበት በሸራዎቹ ላይ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። በመጨረሻ ዓሣውን የሚያደክመው የአጥማጁ ክንድ ሳይሆን የገዛ ሩጫው ነው። ሽማግሌው ይህን ሁሉ «ፍሬን» በሚል አንድ ቃል ይጠሩት ነበር፤ እኔም ከዚያ የተሻለ ስም አላገኘሁለትም። «ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ ስትወርድ ፍሬን ረግጠህ ዝም አትልም፤ ይቃጠላል። በማርሽ ትይዛለህ፣ ፍሬኑንም እየረገጥህ እየለቀቅህ ትወርዳለህ» አሉኝ። እኔ ደግሞ በልቤ የአባቴን ግንድና አንዱን ዙር ገመድ አሰብሁ።

ይህ ብልኀት ለሰው ልጅ በቀላሉ የተገኘ አይደለም። ከዚያ በፊት ትልቅ ዓሣ ሲሮጥ፣ አጥማጁ በርሜሉን በአውራ ጣቱ ወይም በቁራጭ ቆዳ እየተጫነ ነበር የሚያዘገየው። እጀታውም አብሮ ወደ ኋላ ስለሚሽከረከር የብዙ ሰው ጣት ተሰብሯል። በ1905 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1913) ዊልያም ቦሸን የተባለ አሜሪካዊ፣ ጁሊየስ ፎም ሆፍ በተባለ የማጠንጠኛ ሠሪ የተሠራለትን ባለ ኮከብ ፍሬን ማጠንጠኛ ይዞ፣ በካሊፎርኒያ አጠገብ በምትገኘው በካታሊና ደሴት ባሕር ላይ ሰይፍ አፍንጫ የተባለውን ኀይለኛ ዓሣ በዘንግ ለመያዝ በቃ። በ1945 ዓ.ም. ደግሞ አልፍሬድ ግላሰል የተባለ ሌላ አሜሪካዊ፣ በፔሩ አገር በካቦ ብላንኮ፣ ከ700 ኪሎ በላይ የሚመዝን ጥቁር ማርሊን የተባለ ዓሣ በዘንግ አወጣ። ከአሥር ሰው በላይ የሚከብድን ፍጥረት፣ ክብደቱን አንጠልጥሎ ሊይዝ በማይችል ክር ማውጣት የተቻለው፣ ክሩ በመለቀቁ እንጂ በመጠንከሩ አይደለም። ኧርነስት ሄሚንግዌይ «ሽማግሌውና ባሕሩ» በተባለው ልብ ወለዱ የጻፈለት አጥማጅ እንዲህ ያለ መሣሪያ አልነበረውም። ክሩን በጀርባውና በመዳፉ ላይ አድርጎ፣ ዓሣው ሲበረታ ይለቅቅለታል። ፍሬኑ የገዛ ሥጋው ስለ ነበረ እጁ ይቈስላል።

ሽማግሌው ሁለተኛውን ትምህርት የሰጡኝ በሚቀጥለው ሳምንት፣ ገና ወደ ጀልባው ሳንገባ በምድር ላይ ነው። በሥጋ ቤት እንደምናየው ያለ የሚንጠለጠል ሚዛን አምጥተው በክሩ ጫፍ አሰሩ። እኔ ዘንጉን እንዳጎብጥ፣ እርሳቸው ሚዛኑን እንዲጎትቱ ተስማማን። ክሩ የሚችለው 15 ኪሎ ነበር። እርሳቸው ግን ሚዛኑ 4 ኪሎ ሲያሳይ ክሩ መሄድ እንዲጀምር አድርገው ዳዶዋን ወሰኑ። «ሩቡ ይበቃል፤ ቢበዛ ሲሶው ነው» አሉኝ። እኔም ክሩ 15 ኪሎ የሚችል ከሆነ ስለ ምን 14 አናደርገውም ብዬ ተከራከርሁ።

ምክንያቱን በጣታቸው እየቈጠሩ ነገሩኝ። አንደኛ፣ ክር በቋጠሮው ላይ ይደክማል። ሁለተኛ፣ የቆመ ነገር ለመነሣት ከሚሄድ ነገር ይልቅ ኀይል ይፈልጋልና፣ ፍሬኑ መንሸራተት ከመጀመሩ በፊት ክሩ ላይ ድንገተኛ ንጥቂያ ይደርሳል። ሦስተኛ፣ ዘንጉ በጎበጠ ጊዜ ክሩ በየቀለበቱ ይፈተጋል። አራተኛ፣ በውኃ ውስጥ የተዘረጋ ረጅም ክር ውኃው ራሱ ይይዘዋል። አምስተኛውን ሲነግሩኝ ግን ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ዋናው ይህ ነውና አትርሳው። ዓሣው በራቀ ቁጥር፣ አንተ ምንም ሳትነካው፣ ፍሬኑ በራሱ ይከብዳል።»

ይህ ነገር አስገረመኝና ማታ ቤቴ ገብቼ በወረቀት ላይ ሠራሁት። ነገሩ እውነት ነው። የሸራዎቹ ፍትጊያ አንድ ዐይነት ሆኖ ቢቈይም፣ ክሩ በሄደ መጠን በበርሜሉ ላይ ያለው ጥቅል እየቀጠነ ይሄዳል። ሙሉ በሆነ ጊዜ ስፋቱ 8 ሳንቲ ሜትር የነበረው ጥቅል 4 ሳንቲ ሜትር ሲቀር፣ በ4 ኪሎ ይሄድ የነበረው ክር በ8 ኪሎ ካልተጎተተ አይሄድም። የጉድጓድ ውኃ በመዘውር የሳበ ሰው፣ ቀጭን ግንድ ለማዞር ከወፍራሙ ይልቅ ገመዱን ማጥበቅ እንደሚያስፈልግ ያውቀዋል። በዚህ ላይ የውኃው መያዝና የቋጠሮው ድካም ሲጨመር፣ 15 ኪሎ የሚችለው ክር ከአፋፍ ይደርሳል። ያልተማረው አጥማጅ ደግሞ ክሩ ሊያልቅ መሆኑን ሲያይ የሚደነግጠው በዚሁ ሰዓት ነው። ደንግጦም ዳዶዋን ያጠብቃል። ዓሣው የሚጠፋው በዚህ ጊዜ ነው። አዋቂው ግን ዓሣው በራቀ ጊዜ ጥቂት ያላላል፤ ሲቀርብ ወደ መጠኑ ይመልሳል።

ስለዚህ የፍሬን ሕግ በአጭሩ ሦስት ነው። መጠኑ በምድር ላይ፣ ልብ በቀዘቀዘበት ጊዜ ይወሰን፤ ዓሣው በሚሮጥበት ጊዜ አይጥበቅ፤ በራቀ ቁጥር ይላላ። የእኛ ከተማ ባቲ ከአራቱ ቅኝቶች ለአንዱ ስሟን የሰጠች ናትና፣ ይህን ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገኝም። ክራር ደርዳሪ አውታሩን የሚቃኘው ዘፈኑ ከመጀመሩ አስቀድሞ ነው፤ በዘፈኑ መካከል የሚያጠብቅ ሰው አውታር ይበጥሳል።

በዚያው ቀን አንድ ደይረክ ያዝሁ። ሦስት ጊዜ ሮጠ፤ ሦስቱንም ጊዜ እጄን ከዳዶዋ አርቄ ዝም አልሁ። ሲያርፍ ሰበሰብሁ። አራተኛ ለመሮጥ ሞክሮ ጥቂት ብቻ ሄደና በጎኑ ተጋደመ። በ1982 ዓ.ም. ከአሰብ ስዛወር ሽማግሌው ማጠንጠኛውን መርቀው ሰጡኝ። «ሥራ ሲፈታ ዳዶዋን አላላት» አሉኝ። «ሁልጊዜ እንደ ተጫነ የሚቀመጥ ሸራ ይጣበቃል፤ የተጣበቀ ፍሬን በቸገረ ቀን አይለቅም።»

እንግዲህ እስከዚህ የጻፍሁት ስለ ዓሣ ነው። ቀጥሎ ያለው ግን ለመጻፍ ብዙ ዓመት የከበደኝ ነው።

ወደ ባቲ ተመልሼ ሳስተምር፣ እኅቴ ባልዋ ስለ ሞተባት ሁለት ወንዶች ልጆችዋን ይዛ ከእኔ ጋር ትኖር ነበር። ታላቁ ልጅ በ18 ዓመቱ ወደ ሳውዲ ዐረቢያ መሄድ አለብኝ አለ። ይህ በአገራችን የታወቀ ነገር ነው። ከባቲ፣ ከከሚሴና ከአካባቢው ብዙ ወጣት በአፋር በረሓ አቋርጦ ወደ ጅቡቲ፣ ከዚያም ከኦቦክ ዳርቻ በጀልባ ወደ የመን ይሻገራል። «ደላላ» የሚለው ቃል በአባቴ ዘመን በባቲ ግመል የሚያሻሽጥ ማለት ነበር፤ ዛሬ ሌላ ነገር ሲያሻሽጡም እንሰማለን። በረሓው ስንቱን እንዳስቀረ፣ ባሕሩም ስንቱን እንደ ዋጠ አውቅ ስለ ነበር ልጁን መከልከሌ ስሕተት አልነበረም። ስሕተቴ የከለከልሁበት መንገድ ነው። መታወቂያውን ወስጄ ቈለፍሁበት። ስልኩን ቀማሁት። በእናቱ ፊት አስማልሁት። ማታ ማታ በሩን በራሴ እጅ እዘጋ ነበር። ዳዶዋን እስከ መጨረሻው አጠበቅኋት ማለት ነው። በየካቲት ወር 2004 ዓ.ም. አንድ ሌሊት በአጥር ዘሎ ሄደ።

ከአንድ ወር በኋላ ስልኬ ጮኸ። ከኦቦክ ነው። ድምፁን እንደ ሰማሁ ልቤ ዘለለ፤ ነገር ግን ከአፌ የወጣው ሌላ ነው። እናቱን እንዴት እንዳስለቀሳት፣ መሐላውን እንዴት እንዳፈረሰ፣ የእኔን ድካም እንዴት ከንቱ እንዳስቀረ እየደረደርሁ ጮኽሁበት። እርሱ «አጎቴ…» ብሎ ሁለት ጊዜ ጀመረ፤ እኔ ሁለቱንም ጊዜ አቋረጥሁት። ከዚያ ስልኩ ተዘጋ። እነዚያን ቃላት በቤት ውስጥ ሳለ ብናገረው ኖሮ ምናልባት አኵርፎ ይተኛ ነበር። በባሕር ዳር፣ በባዕድ አገር፣ ርቦት ለቆመ ልጅ ግን ያው ቃል እጥፍ ሆኖ ነው የደረሰው። ሽማግሌው የነገሩኝን አምስተኛውን ነገር በወረቀት ላይ አስልቼው ነበር፤ በቤቴ ውስጥ ግን አላሰላሁትም።

ስምንት ወር ሙሉ አልደወለም። እኅቴ በእነዚያ ወራት እንዴት እንደ ሆነች መግለጽ አልችልም። እኔም ሌሊት ሌሊት ያ የአሰብ ባሕር ይታየኝ ነበር። ኦቦክ ከአሰብ ወደ ደቡብ ብዙ አይርቅም፤ ያው ባሕር ነው። ዓሣ ባጠመድሁበት ውኃ ላይ የእኅቴ ልጅ በጨለማ ሲሻገር ይታየኝ ነበር። በኅዳር 2005 ዓ.ም. ከሳውዲ ዐረቢያ ወሬው ተሰማ፤ በሕይወት አለ። ከዓመት በኋላ፣ በኅዳር 2006 ዓ.ም.፣ የሳውዲ መንግሥት ፈቃድ የሌላቸውን ሠራተኞች ማስወጣት ሲጀምር፣ በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ አገራቸው ከተመለሱት ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን መካከል አንዱ እርሱ ነበር። በእጁ የያዘው አንድ ብርድ ልብስ ብቻ ነበር።

ከተመለሰ ከብዙ ቀን በኋላ፣ በግቢያችን ውስጥ ቡና እየጠጣን ሳለን፣ ስለ ኦቦኩ ስልክ በገዛ ፈቃዱ አነሣ። በቁጣ አልነበረም። «አጎቴ» አለኝ፤ «ያን ቀን የደወልሁልዎ መመለስ ፈልጌ ነበር። የመመለሻ ገንዘብ እንዲልኩልኝ ልጠይቅዎ ነበር።»

ምንም መልስ አልሰጠሁትም። ገብቼ ማጠንጠኛውን ከሣጥን አወጣሁና ለረጅም ጊዜ በእጄ ይዤው ተቀመጥሁ። ዳዶዋ ከአሰብ ከመጣሁ ጀምሮ እንደ ሽማግሌው ቃል ላልታ ነበር። ለብረት የተነገረኝን ምክር ጠብቄ፣ ለሰው ሳልጠብቀው መቅረቴ ገባኝ።

አንባቢ እዚህ ላይ «ልጅ እኮ ዓሣ አይደለም» ቢለኝ እውነት አለው። ዓሣ አጥማጅ ክር የሚለቀው ለራሱ ምሳ ነው፤ ደግነት የለበትም። ልጅን እንደ ዓሣ አድክሞ መያዝ ይገባል ያለ ሰው ቢኖር እኔ የመጀመሪያው ተቃዋሚ እሆናለሁ። እኔ ከማጠንጠኛው የተማርሁት ግን ስለ ዓሣው ሳይሆን ስለ ክሩ ነው። ፍሬን የተሠራው ክሩ እንዳይበጠስ ነው። ለዓሣ አጥማጅ ክር ርካሽ ነገር ነው፤ ቢበጠስ ሌላ ይገዛል። በሰውና በሰው መካከል ያለው ክር ግን ከሁሉ የሚበልጥ ሀብት ነው። የሄደ ሰው የሚመለስበት መንገድ እርሱ ብቻ ነውና። እርሱ ካለ የራቀ ሰው ሊደውል ይችላል፤ ከሌለ መመለስ ቢፈልግ እንኳ በማን በኩል ይመለሳል? ጨርሶ የላላ ፍሬንም እንዲሁ አይጠቅምም። ክሩ ሁሉ ሄዶ ባዶ በርሜል ይቀራል፤ ልጁን «እንደ ወደድህ ሁን» ብሎ የተወ ሰው ለቀቀ እንጂ አልያዘም። ቁም ነገሩ እየለቀቁ መያዝ ነው።

ታናሹ ልጅ፣ ወንድሙ ሲሄድ የስምንት ዓመት ሕፃን የነበረው፣ እነሆ በተራው አደገ። የእርሱን ነገር በምድር ላይ ሳለን አስቀድመን ወሰንነው። ገና አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለ፣ ጠብ በሌለበት ቀን፣ ከግቢው ዛፍ ሥር ተቀምጠን ተነጋገርን። ትምህርቱን እንዲፈጽም፣ በጀልባ እንዳይሻገር፣ መሄድ ባሰበም ጊዜ አስቀድሞ እንዲነግረኝ ለመንሁት። እኔም በነገረኝ ጊዜ እንዳልጮኽበት ቃል ገባሁ። ታላቁ ወንድሙ አጠገባችን ተቀምጦ ይሰማን ነበር፤ ስለ በረሓው የነገረው እርሱ እንጂ እኔ አይደለሁም። በ2015 ዓ.ም. ልጁ እንደ ቃሉ መጥቶ «አጎቴ፣ ከዚህ መውጣት እፈልጋለሁ» አለኝ። እኔም ልቤ እየዘለለ ዝም ብዬ አዳመጥሁት። በመጨረሻ በጅቡቲ መንገድ በሚሠራ ከባድ መኪና ላይ ረዳት ሆኖ ገባ። አሁን የራሱን መንጃ ፈቃድ አውጥቷል። በሚሌ በኩል ወደ ጋላፊ ይወርዳል፣ ወደብ ደርሶ ይመለሳል፤ በባቲ ሲያልፍ ከደጃችን ቆሞ ከእናቱ ጋር ቡና ይጠጣል። ከልጅነቴ ስቈጥራቸው ከነበሩት መኪናዎች አንዱን ዛሬ የእኅቴ ልጅ ይነዳዋል።

አንዳንድ ጊዜ የሚሄድበት መንገድ ያስፈራኛል። አንዳንድ ጊዜም ቀን ቈጥሮ አይደውልም። ከጥቂት ሳምንታት በፊት ከተቀጠረበት ቀን ሦስት ቀን አሳልፎ፣ እኩለ ሌሊት ላይ ከድንበሩ ማዶ ደወለ። መኪናው ተበላሽቶ በበረሓ እንደ ሰነበተ በድምፁ ያስታውቃል። እኅቴ አጠገቤ ቆማ «ምን አለህ? ለምን ዝም አለ በለው!» ትለኛለች። በምላሴ ጫፍ ላይ ብዙ ነገር ነበር። ዐይኔን በመደርደሪያው ላይ ወዳለው ማጠንጠኛ ጣል አደረግሁና አስቀድሜ፣

«ልጄ፣ በልተሃል ወይ?» አልሁት።